ጠበል የጠጣችው ካሚዮን

በጣሊያን ጊዜ ቤታችን ልደታ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየሞቹ ከቆሙበት ብዙም ሳይርቅ። አባቴ ከጦርነቱ አልተመለሰም። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ቤቱን ታስተዳድር ነበር። እኔ ብቸኛ ልጇ ነኝ፤ በዚያ ዓመት ዐሥራ ሦስት ሞልቶኛል።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ሾፌር ነበር። በዚያ ዘመን መኪና የሚነዳ የሀገር ሰው ጥቂት ስለነበረ ሥራ አያጣም። የሚነዳት ካሚዮን የአንድ ጣሊያን ነጋዴ ነበረች። ከአዲስ አበባ ጨርቅና ዕቃ ጭኖ በደብረ ሲና በኩል ቆላ ይወርዳል፣ ከቆላ ጥጥ ጭኖ ይመለሳል። ከጥጡም ጥቂት ለእናቴ ይደርሳታል።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ የሁሉም መጨረሻ የሆነችው አክስቴ፣ ባል አግብታ የምትኖረው ከደብረ ሲና ዝቅ ብላ በምትገኝ መንደር ነበር። ያን ዓመት በጥር ወር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። በእኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። አያቴ በሕይወት ስላልነበረች የእናት ቤት ማለት የታላቅ እህት ቤት ነው፤ ይኸውም ልደታ። ባሏ ደግሞ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ከገባ ቆይቷል። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ የጠየቀ ሰው ሲመጣ «ቆላ ወርዷል» ይባላል። ስለዚህ አክስቴ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ነገሩ ተቆረጠ።

«እዚያ ብቻዋን አትወልድም። አምጥተህ እዚህ ታደርስልኛለህ፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው ወንድሟን።

«እትዬ፣ መንገዱ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።»

«ለጥጥ ሆኗል አይደል?»

«ጥጥ አይወልድማ።»

«እንግዲያስ ቀስ ብለህ ንዳ» አለች።

እኔን ይዛኝ የሄደችው ሴት ልጇን ሰፈር ውስጥ ብቻዋን ልትተው ስላልፈለገች ነው። ወታደሩ ብዙ ነበር።

ስንወርድ ምንም አላጋጠመንም። ደብረ ብርሃን ደርሰን፣ ሜዳውን አቋርጠን፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖቹ ተራራውን ፈልፍለው ያበጁትን ዋሻ አለፍን። ዋሻው ገና አዲስ ነበር፤ ከግድግዳው የኖራ ሽታ ይወጣል። ከዋሻው ማዶ ምድሩ ድንገት ይጎድላል። መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዞ ወደ ታች ይሄዳል፣ ከታች ደግሞ ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። አጎቴ በዋሻው አፍ ላይ ያለውን ኬላ አሳይቶ ሕጉን ነገረን። መኪኖች ተራራውን የሚወጡትና የሚወርዱት ተሰልፈው፣ ከወታደር ጋር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ኬላው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ላይ የቀረ መኪና ከላይ ወታደሩ ይተኩስበታል፣ ከታች አርበኛው ያቃጥለዋል።

«አንተንስ?» አልሁት።

«እኔ ከሁለቱም አስቀድሜ እሮጣለሁ።»

እናትና ልጅ አክስቴ ዘንድ ወረድን፤ አጎቴ ጥጡን ሊጭን ወደ ታች ቀጠለ። አክስቴ ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ አገኘናት። ዕቃዋን ግን አስቀድማ ሸክፋለች፤ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታለች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመንደሩ በታች የማርያም ጠበል አለ። እርግዝናዋን ሙሉ እየወረደች ስትጠመቅበት ከርማለች፤ ምጥ ሲይዛትም ከእሱ ልትጠጣ ለራሷ ቃል ገብታለች።

«ጠበሌን ሳልይዝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች።

«ማን ተይው አለሽ» አለች እናቴ።

አጎቴ በማግስቱ ማታ ጥጡን ጭኖ መጣ። ነገ የምንነሳው ከመኪኖቹ ሰልፍ ጋር ስለሆነ እንዳንዘገይ አስጠንቅቆን ተኛ። እናቴ ሲነጋጋ ተነስታ ጠበሉን ልታመጣ ወረደች። እኔ የተኛንበትን እጠቀልል ስለነበር አብሬያት አልሄድሁም። ስንሳፈር አክስቴ «ጠበሉስ?» ብላ ጠየቀቻት፤ እናቴ «ተጭኗል፣ ተቀመጪ» አለቻት።

ጋቢና ውስጥ አጎቴ፣ አክስቴና እናቴ ተቀመጡ። እኔ ከላይ ጥጡ ላይ ወጣሁ። እዚያ የጥጡ ባለቤት ነበሩ፤ የቆላ ሰው፣ ሸምገል ያሉ እስላም ነጋዴ። መካ ደርሰው ባይመለሱም ሾፌሮቹ ሁሉ «ሐጂ» ይሏቸው ስለነበር እኛም እንደዚያ አልናቸው። ከአጎቴ ጋር ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል። ጥጡ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ አሳዩኝ፤ በሁለት ጆንያ መካከል ገብቶ ጀርባን ወደ ነፋሱ ማዞር ነው።

ከደብረ ሲና ዳገቱን ስንጀምር ከፊታችን ወታደሮች የጫነች መኪና ነበረች፤ ከኋላዋ ካሚዮኖቹ ተከታትለዋል። እኛ ከመሀል ነበርን። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። ሐጂ በየጠመዝማዛው ወደ ገደሉ እያዩ በሹክሹክታ ይጸልያሉ፤ መንገዱ ቀና ሲል ደግሞ ስለ ጥጥ ዋጋ ያወሩኛል። ከግማሽ በላይ ወጥተን፣ አንድ ሹል ጠመዝማዛ ዞረን እንደ ጨረስን ከፊት በኩል ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ጋቢናውን ሸፈነው።

አጎቴ መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመ። «ታኮ» ብሎ ጮኸ። እኔና ሐጂ ዘለን ወርደን ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባን። ኮፈኑን ሲከፍተው ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል። ውሃው በሙሉ ወጥቶ አልቋል።

ከኋላችን የነበሩት መኪኖች አንድ በአንድ አለፉን። ሰልፉ ለማንም አይቆምም፤ ሕጉ ነው። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ የአጎቴ ወዳጅ መሆኑ ያስታውቃል፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምን ሆነችብህ?»

«ላብ አላባት እንጂ ደህና ናት።»

«ውሃ ልወርውርልህ?»

አጎቴ ከጋቢናው በስተኋላ የታሰረውን ታኒካ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ክዳኑ ጥብቅ ያለ ትልቅ ታኒካ ነው፤ የራዲያተር ውሃ የሚይዝበት። ድምፁ ድፍን ነበር። «ሙሉ ነው። ሂድ አንተ፣ ኬላው እንዳይዘጋብህ።»

«ጥጡን አውርድና አህያ ተከራይ!»

«አህያውማ እያለፈኝ ነው» አለ አጎቴ።

የመጨረሻዋ መኪና ጠመዝማዛውን ዞራ ድምፅዋ ጠፋ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጫፍ ማዘንበል ጀምራለች። አጎቴ አልተጨነቀም። ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ውሃውን ሞልቶ፣ ቀስ እያለ እንደሚወጣ እያወራ ታኒካውን ፈቶ አወረደ። ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲያሳርፍ እናቴ ከጋቢናው ሆና፣

«እሱን ተው» አለችው።

«የቱን?»

«ታኒካውን። ጠበል ነው።»

አጎቴ ታኒካውን አየ፤ እናቴን አየ። «ይኼ የኔ ውሃ ነው። ትናንት ከወንዝ የቀዳሁት።»

«ያንተን ደፍቼዋለሁ።»

«የት?»

«ጌሾው ሥር።»

ሐጂ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጌሾውስ በጀው» አሉ።

እናቴ ከጋቢናው ወረደች። ነገሩን ስትናገር አላፈረችም፤ የሚያሳፍር ሥራ የሠራች አልመሰላትም። እንስራ መኪና ላይ ይሰበራል፣ ቅል ያፈሳል። ጠበል ደግሞ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ አይሄድም። በዚያ ንጋት አክስቴ ደጅ ከነበረው ዕቃ ሁሉ ክዳኑ የሚጠብቅ ያ ታኒካ ብቻ ነበር። አጥባ፣ አለቅልቃ፣ ጠበሉን ሞልታ፣ ወደ ቦታው መልሳ አሰረችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አጎቴ።

«ተኝተህ ነበር። ውሃ ደግሞ በየወንዙ አለ ብዬ ነው።»

«የታለ ወንዙ?»

ወንዝስ ነበረ። ከእግራችን በታች፣ በገደሉ መጨረሻ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። አጎቴ ወርጄ እቀዳለሁ አለ። ሐጂ መጀመሪያ ወደ ገደሉ፣ ቀጥሎ ወደ ፀሐይዋ ተመለከቱ።

«ወርደህ እስክትወጣ እሷ አትጠብቅህም። ጥጡ ቢቃጠል የኔ ነው፣ ምንም አይደለም። ይቺን ልጅ ግን ምን እናደርጋታለን?»

ይቺ ልጅ ያሏት አክስቴን ነው። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ጋቢ ተከናንባለች። ነፋሱ ከቆላው ሙቀት ይዞ ሲነሳ ሞቃት ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። እዚያ ማደር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንዳችንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

«እሜቴ» አሉ ሐጂ እናቴን፤ «እኔ እስላም ነኝ። እኔ ልጨምረው። ኃጢአት ቢኖረው በርስዎ አይጻፍም።»

«በርስዎ እንዲጻፍ የምፈልግ መሰልሁዎት?»

«ኧረ የኔ መዝገብ ሰፊ ነው፤ ቦታ አይጠፋም።»

እናቴ ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት አክስቴ ከውስጥ ተናገረች። «እትዬ፣ ጠበሉ ለማን ነው የመጣው?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እንግዲያው ጨምሩት።»

«በምጥሽ ሰዓት ምን ልትጠጪ ነው?»

«መጀመሪያ በምጤ ሰዓት የት እንደምሆን ልወቅ። እዚህ ገደል ላይ ቢይዘኝ ጠበሉ ብቻውን ያዋልደኛል?»

እናቴ ወደ መኪናዋ ግንባር ዞረች። እምቢ ማለቷ እንዳልሆነ ገባኝ። ጠበሉ መኪና ውስጥ መግባቱ ብዙም አላስጨነቃትም። ዓይኗ ያለው ከራዲያተሩ ሥር፣ ፈስሶ ጭቃ በሆነው መሬት ላይ ነበር።

«መሬት ይፈሳል። ሰውም ከብትም ይረግጠዋል» አለች።

«ትንሽ ማንጠባጠቡማ የት ይቀራል» አለ አጎቴ። «የማያንጠባጥብ መኪና የለም።»

«ይኼኛው አያንጠባጥብም።»

ክርክሩ በዚህ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ሆነ። ሞተሩ እንዲህ ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ነገር ቢገባበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ማንም ቢቸኩል መጠበቅ ግድ ነው። እናቴ በዚያ ጊዜ ቱቦውን ያዘች። አጎቴ ከመሣሪያ ሳጥኑ አሮጌ የውስጥ ጎማ አውጥቶ በረጅሙ ቀደደላት። እሷ ከጓዟ ሳሙና አወጣች፤ በእጇ አሽታ እንደ ሊጥ ካለሰለሰችው በኋላ ስንጥቁን ሞላችበት። ጎማውን በላዩ ጠመጠመች። አጎቴ «በቂ ነው» አለ። እናቴ ወገቧን ፈታ መቀነቷን አወጣች።

መቀነቷ ራሷ የፈተለችው፣ ረጅምና ጥብቅ ነው። ቀሚሷን በገመድ ቁራጭ አስራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጨርቅ ሲርስ ይጠብቃል ብላ የቀረውን የመጠጥ ውሃችንን አፈሰሰችበት፤ ለሁለት ሰው ጉሮሮ እንኳ የማይበቃ ነበር። ከዚያ አጎቴ አንዱን ጫፍ ይዞ፣ እሷ ሌላውን እየጎተተች፣ የተሰበረ እጅ እንደሚታሰር አንዱን ዙር በሌላው ላይ እያስደገፈች ጠመጠመችው። በየዙሩ እግሯን የመኪናዋ ግንባር ላይ አስደግፋ ትስባለች።

«ቀስ በይ እትዬ፣ ራዲያተሩን ትነቅይዋለሽ።»

«አንተ ያዝ ብቻ።»

ሐጂ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ይመለከታሉ። «እኔ ምለው» አሉ፤ «ጠበል የሚጠጣ ሰው እህል መቅመስ የለበትም ትሉ የለ? ይቺ መኪና ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመሰች?»

«ቤንዚን» አለ አጎቴ።

«ቤንዚን የጾም ነው የፍስክ?»

«ሐጂ፣ ድንጋዩን ይጠብቁልን» አለች እናቴ። ፊቷን ወደ ቱቦው መልሳ ስለነበር ሳቀች አልሳቀች አላየሁም።

ሞተሩ ሲበርድ ጠበሉን ራሷ ጨመረች። በስመ አብ ብላ ታኒካውን አዘንብላ፣ እንደ ዘይት እያቀጠነች፣ አንዲት ፍንጣሪ ሳታስወጣ። ግርጌው ላይ የቀረውን በጣሳ አድርጋ ለአክስቴ ሰጠቻት። «እንኪ፣ ይኼ ያንቺ ነው።» አክስቴ እዚያው ጠጣችው። አጎቴ ያ ጣሳ ሙሉ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ቢገባ ይወድ እንደነበር ከፊቱ ታውቋል።

ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ግቢ ከሥር።»

አንድ ባዶ ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ ተኛሁና ከራዲያተሩ ሥር አንገቴን አስገባሁ። አጎቴ ሞተሩን አስነሳ። ጆሮዬ ላይ ነበር የሚጮኸው። እናቴ ጎንበስ ብላ «ምን ታያለሽ?» ትለኛለች። ቱቦው ደረቅ ነበር። መቀነቱ ላይ እርጥበት አለ፤ እሱ ግን የመጠጥ ውሃው ነው። ወደ ታች ስመለከት ራዲያተሩ የሚደፋበት ትንሽ ቧንቧ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

«አንድ አለች» አልሁ።

እናቴ ጣሳውን ይዛ አጠገቤ ገባች። በዕድሜዬ እንደዚያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ጠብታዋን ጣሳው ውስጥ ተቀበለች። ሌላ መጣች፤ እሷንም ተቀበለች። አጎቴ ከላይ «እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ ተይው» ሲል «ይምጣና ያጥብቀው» አለችኝ፤ እኔ አስተላለፍሁ። ቁልፍ ይዞ መጥቶ አጠበቀው። አብረን ቆየን፤ ሦስታችንም ከመኪናዋ ሥር ተደርድረን አንድ ቧንቧ ስንመለከት። ሌላ ጠብታ አልመጣም።

«እንዴት ነው እዚያ? ልጅ ተወለደ?» አሉ ሐጂ ከውጭ።

መኪናዋ እንዲቀልላት ከአክስቴ በቀር ሁላችን በእግራችን ሄድን። አጎቴ ኮፈኑን በአንድ ወገን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስጨንቅ፣ ሰው ከሚራመደው ብዙም ሳይፈጥን ይነዳል። ሐጂና እኔ ድንጋይ ታቅፈን ከኋላ እንከተላለን፤ ስትቆም እናስገባለን፣ ስትነሳ እናነሳለን። እናቴ ከፊት ጎማው ጎን ወገቧን ሰበር አድርጋ ትሄዳለች። ከራዲያተሩ በታች ካለው መሬት ዓይኗን አልነቀለችም። ድንጋዩ ደረቅ መሆኑን እያየች፣ አንዴ ብቻ ቀና ብላ ለአጎቴ «ደህና ነህ፣ ንዳ» አለችው።

ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጋለ፤ ሁለት ጊዜ ቆመን አበረድነው። በሁለተኛው ላይ አክስቴ ጋቢናውን ከፍታ እግሯን አወረደች።

«ምነው?» አለች እናቴ።

«ወገቤን ቆረጠኝ። መቀመጡ ነው።»

«መቀመጡ ነው ወይስ ሌላ?»

አክስቴ ጥቂት አሰበች። «አላውቅም። ከዚህ በፊት ወልጄ አላውቅማ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ሐጂ ድንጋያቸውን ጥለው መኪናዋን ከኋላ በትከሻቸው መግፋት ጀመሩ፤ ለአንዲት ካሚዮን የአንድ ሽማግሌ ትከሻ ምንም እንደማይጨምር ያውቃሉ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ገፋሁ።

ኬላው ስንደርስ የፀሐይዋ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። አንድ ወታደር የመንገዱን መዝጊያ እንጨት ለማውረድ ገመዱን ይፈታል። አጠገቡ አስተርጓሚ ነበር፤ ካፖርት የለበሰ የሀገራችን ሰው። ወታደሩ እኛን ሲያይ ገመዱን እንደ ያዘ ቀረ። ኮፈኗ የተከፈተ መኪና፣ ከጎኗ መሬት መሬት እያየች የምትሄድ ሴት፣ ከኋላ የሚገፉ ሽማግሌና ልጅ። በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ።

«ሴትዮዋ ምን ጠፍቷት ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ምንም» አለ አጎቴ። «እንዳይጠፋት ነው።»

አስተርጓሚው ይህን እንዴት እንደ ተረጎመው አላውቅም። ወታደሩ መጥቶ ሞተሩን አየ። የተጠመጠመውን መቀነት በጣቱ ነካው፣ ጎተት አድርጎ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ወደ ጋቢናው ዞሮ አክስቴን ተመለከተ፤ ጠየቀም።

«ባሏ የት ነው?» አለ አስተርጓሚው።

እናቴ ቀና አለች። «ቆላ ወርዷል።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ጥጡን ማን የሸጠልኝ ይመስላችኋል?» አሉ ሐጂ፤ ሁለት ጆንያ በእጃቸው መታ መታ አድርገው። «የሷ ባል ባይኖር ዘንድሮ ባዶ መኪና ነበር የምገፋው።»

እናቴ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። ወታደሩ ስለ ጥጥ መስማት አልፈለገም፤ ብርድ ነበር። እንጨቱን ወደ ላይ ሰቀለ። አስተርጓሚው ከኬላው ባልዲ ውሃ አምጥቶ «ጨምሩበት፣ ደብረ ብርሃን ሩቅ ነው» አለን። አጎቴ እናቴን አየ። እናቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጠበል ላይ ውሃ ቢጨመር ጠበልነቱ አይቀነስም፤ የተጨመረው ጠበል ይሆናል እንጂ። ይህን ሁላችን እናውቃለን።

«ጣሊያኑም በረከት አገኘ» አሉ ሐጂ ዋሻው ውስጥ ስንገባ፤ ድምፃቸው ከግድግዳው ተመልሶ መጣ።

ያን ቀን ደብረ ብርሃን አደርን። የአክስቴ ወገብ የመቀመጡ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ጋደም ስትል ተዋት። በማግስቱ አጎቴ ከሌላ ሾፌር ቱቦ አገኘሁ ብሎ ሊቀይር ፈለገ። እናቴ ቱቦው ሲፈታ ጠበሉ ይፈሳል ብላ ከለከለችው። ስለዚህ እስከ ልደታ በመቀነት መጣን። ልደታም ደርሰን፣ ካሚዮኗ በጠባቡ መንገድ ግቢያችን አፍ ድረስ ከተጠጋች በኋላ፣ ዝገት የቀላቀለውን ውሃ በገንዳ ተቀብላ ሰው በማይረግጠው የወይራ ዛፍ ሥር ካላፈሰሰች መኪናዋን አልለቀቀችም። አጎቴ ከዚያ ወዲህ የራሱን ታኒካ እየከፈተና እየቀመሰ ካላረጋገጠ መንገድ አይወጣም።

አዋላጇ አጠገባችን ባለው ግቢ የሚኖሩ ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ የተቀበሉ አሮጊት። አክስቴን አስተኝተው ሆዷን ዳሰሱ፤ እጃቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ።

«ገና ናት» አሉ። «ይህን ያህል ያስሮጣችሁ ምንድን ነው?»

«መንገዱ ነው እማማ» አለች እናቴ።

አክስቴ የወለደችው የካቲት ገብቶ ነው፤ በቀን፣ በእናቴ ጓዳ። ለምጧ የሚሆን ጠበል ከልደታ ቀዳንላት። አላማረጠችም፤ ጠጣች። የሰፈሩ ሴቶች ደጁን ሞልተው ማርያም ማርያም ይላሉ። አጎቴ ያን ቀን ወደ ቆላ ሊወርድ ጨርቅ ጭኖ ነበር፤ ሳይሰማ እንዳይሄድ መኪናዋን መንገዱ ላይ አቁሞ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። መንገዱን ስለ ዘጋ ጋሪ ነጂዎች ይሰድቡታል፤ የእሱ ጆሮ ጓዳው ላይ ነው። ሦስት ጊዜ እልል ሲባል ሴት መሆኗን አወቀ። እናቴ ብቅ ብላ «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለችው።

ሊነሳ ሲል ጠራችው። «ሐጂን ስታገኛቸው ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እሳቸውም ለሚነግሩት ይንገሩ።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ። ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፣ ሲመለስ ለእናቴ ጥጥ አውርዶላት ወደ አክስቴ ገባ። ሕፃኗን አየና፣ ቆላ የወረደው ሰውዬ ወሬው በሐጂ በኩል እንደ ደረሰው፣ ስሟንም እሷው እንድታወጣ ማለቱን ነገራት። አክስቴ ሰማችው። ሕፃኗን አንሥታ ማጥባት ጀመረች።